ጥቂት በድን የተገኘበት መንገድ

የምሠራው መንገዶች በዱር እንስሳት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት በሚያጠና ቡድን ውስጥ ነው። በረግረግ መካከል የሚያልፍ አንድ አስፋልት ሲታደስ፣ እንቁራሪቶች ከመንገዱ ስር የሚሻገሩበት ቱቦና ወደ ቱቦው የሚመራቸው አጥር የት ቢሠራ እንደሚሻል ተጠየቅን። በጀቱ ለአንድ ቦታ ብቻ ስለሚበቃ መሐንዲሱ በመኪና የተደፈጠጡትን እንቁራሪቶች የሚያሳይ ካርታ ፈለገ፤ በድን በበዛበት ቱቦው ይቀበራል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ካርታው ሊጸድቅ ሲል ግን የእንቁራሪቶቹን የሌሊት ድምፅ ቀረጻ የምትከታተለው ባልደረባችን ተቃወመች። በድን እምብዛም ካልተገኘበት ክፍል አጠገብ ባለው ኩሬ የአንደኛው ዝርያ ጥሪ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነበርና። መሐንዲሱ «ታዲያ የማይሞተውን ከምን ልናድነው ነው?» አላት። እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄው ተገቢ ነበር።

መልሱ ያለው በእንስሳቱ አረባብ ላይ ነው። ቡልፍሮግ የተባለውን ትልቅ እንቁራሪት የመሰለ ዝርያ በአንድ ጊዜ እስከ 20,000 እንቁላል ይጥላል፤ በኩሬ የተጨናነቁ እጮች (ገና ወደ እንቁራሪትነት ያልተለወጡ ጭራ ያላቸው ግልገሎች) ምግብ እየተሻሙ አብዛኞቹ ስለሚሞቱ፣ ጥቂት እናቶች ቢጎድሉ ለቀሩት እጮች ምግቡ ይበረክትና ጉድለቱ በከፊል ይካካሳል። በአንጻሩ ጥቂት እንቁላል የሚጥል፣ ለመራባት ዓመታት የሚፈጅበትና በየዓመቱ ከጫካ ወደ ኩሬ የሚጓዝ ዝርያ ሲሻገር የምትገደለው እንቁላል ያዘለች ሴት ስትሆን፣ ምትኳ ቶሎ አይደርስም። ኮኪ እንደሚባለው የፖርቶ ሪኮ እንቁራሪት እንቁላሉን በየብስ ጥሎ ከእንቁላሉ ትንሽ እንቁራሪት ሆኖ የሚፈለፈል ደግሞ ወደ ኩሬ መጓዝ ስለማያሻው፣ ጥቂት ቢወልድም የመንገዱ አደጋ በዚህ መልኩ አያገኘውም። እናም የበድን ብዛት ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ስንት እንስሳ እንደተረፈና እንደሚሻገር እንጂ የትኛው ዝርያ እየጠፋ እንደሆነ አይደለም። በዚያ ላይ ትንንሾቹን በድኖች ቁራዎች ገና ሲነጋ ይለቅሟቸዋል።

የመኪና ጫጫታ ጥሪውን ሸፍኖት እንዳይሆን በመስጋት ኩሬው ውስጥ ገብተን በሣር ግንድ ላይ የተለጠፉትን ዝልግልግ የእንቁላል ጉብታዎች ቆጠርን። ጥሪው የሳሳው ዝርያ ሴት በዓመት አንድ ጉብታ ብቻ ስለምትጥል፣ የጉብታው ቁጥር የእናቶቹን ቁጥር ይጠቁማል። የተገኘውም ከቀድሞው መዝገብ እጅግ ያነሰ ነበር።

ቱቦው በድን በጠፋበት ክፍል ተሠራ። አሠሪው ከአንድ ዓመት በኋላ ውጤቱን የሚያረጋግጥ ሪፖርት ጠየቀን፤ እኛ ግን ቱቦው ከተሠራ በኋላ የተፈለፈሉት ሴቶች አድገው እንቁላል ለመጣል ወደ ኩሬው እስኪመለሱ ድረስ ቆጠራው እንዲቀጥል በውሉ አስገባን።