የልጄን ችፌ እንዴት እንዳስታገሥኩት

ልጄን ችፌ የጀመራት ገና ጡት ስትጠባ፣ ጉንጯ ላይ ነው። ከፍ ስትል ወደ ክርኗ መታጠፊያና ወደ ቋንጃዋ ዞረ። ሌሊት እግሯን ከአንሶላው ጋር ስታፋትግ ይሰማኛል። ጎረቤቱ «ጭርት ነው» ይል ነበር። ጭርት ከፈንገስ ነው፣ ይተላለፋል። ችፌ አይተላለፍም። አብረዋት ለሚጫወቱ ልጆች እናቶች ይህን ደጋግሜ ነግሬያለሁ።

የቆዳ ሐኪሙ እንዳስረዱኝ፣ ቆዳዋ ምርጊቱ እንደረገፈ ግድግዳ ነው። እርጥበት ያስወጣል፣ የሚያስቆጣ ነገር ያስገባል። ሲደርቅ ያሳክካል፣ ስታክከው ይቆስላል፣ ሲቆስል ይብስበታል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ምርጊቱን መመለስ ነው።

ለብ ባለ ውሃ አጥባታለሁ፣ ከ10 ደቂቃ አላሳልፍም። ሽታ ያለው ሳሙና የለም። በፎጣ ሳላሽ ጫን ጫን አደርግና ገላዋ እርጥብ እንዳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን እቀባታለሁ። ሳልሰስት! ሰውነቱ በሙሉ የደረቀ ልጅ በሳምንት 250 ግራም ሊጨርስ ይችላል። እማዬ ቅቤ ልቀባት ብላ ነበር። «እማ፣ ቆዳዋ ክፍት ነው፤ የሚበላ ነገር አለርጂ ሊያመጣባት ይችላል» አልኳት። አሁን ማታ ማታ ቫዝሊኑን የምትቀባት እሷ ናት።

ሲያገረሽ ቫዝሊን ብቻውን አይበቃም። ሐኪሙ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን አዘዙ፤ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ስቴሮይድ ሲባል ብዙ ወላጅ ይደነግጣል፣ ቆጥቦ ይቀባል፣ ልጁም አይሻለውም። ልኩ ቀላል ነው፦ ከአዋቂ ጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተጨመቀ ቅባት ለሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ ስፋት ይበቃል። ሐኪሙ ያሉትን ቀን ያህል ተቀብቶ ይቆማል፣ ቫዝሊኑ ግን ይቀጥላል። ፊት ለማቅላት ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው። እነሱን ልጅ ላይ በፍጹም!

ሌላው ነገር ቀለሙ ነው። «ቀይ ሽፍታ» ሲባል እንሰማለን። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እኔ በጣቴ ነው የማውቀው፤ ሲሻክርና ችፍ ችፍ ሲል መጀመሩ ነው። ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጥቁረት ለወራት ሊቆይ ይችላል። እሱ መድኃኒት አይፈልግም፣ በራሱ ይለቃል።

ቢጫ ቅርፊት፣ መግል ወይም ትኩሳት ካየሁ ግን ቤት አልቆይም። የሚያም፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ባንድ ጊዜ ከፈላ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

ኅዳር ላይ ደረቁ ብርድ ሲገባ ያገረሽባታል። ያን ሰሞን ቫዝሊኑን በቀን ሦስቴ አደርገዋለሁ፣ ጥፍሯንም አሳጥራለሁ።