መርፌው የሚዘልበት ቦታ

ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የከፋኝ ነገር የለም። ነሐሴ ሲገባ ግን ሆዴን ባር ባር ይለዋል፤ ታውቁኛላችሁ።

ተነሳሁና የጋሼን ሸክላ ማጫወቻ ከፈትኩ። እማዬ እንዳትነቃ ድምፁን ዝቅ አድርጌ የቢግ ማማ ቶርንተንን «ሃውንድ ዶግ» አስቀመጥኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መብራት ሄደ። ሸክላው ወዲያው አልቆመም። ድሮም ወፍራም የሆነው ድምጿ ይበልጥ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ እንደሚያቃስት ሰው ሆነና ጠፋ። ሻማ ልፈልግ ጓዳ ገባሁ። ክብሪቱን እንደያዝኩ ጨለማው ውስጥ ቆሜ ስለ አንድ የተበላሸ አምፕሊፋየር ማሰብ ጀመርኩ።

በፈረንጆቹ 1951 መጋቢት ላይ ነው። የአይክ ተርነር ባንድ ዘፈን ሊቀዳ ከሚሲሲፒ ተነስቶ ሜምፊስ ሄደ፣ ሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ። መንገድ ላይ የጊታሪስቱ የዊሊ ኪዛርት አምፕሊፋየር ተጎዳ። ገሚሱ ከመኪና ላይ ወድቆ ነው ይላል፣ ገሚሱ ዝናብ ገብቶበት ነው ይላል። ደርሰው ሲሰኩት ይንኮሻኮሻል። ሌላ ሰው ቢሆን «በቃ ሌላ ቀን ኑ» ብሎ ይመልሳቸው ነበር። እነሱ ግን የተጎዳውን ስፒከር ወረቀት ጠቀጠቁበትና ቀዱት። «ሮኬት 88» የተወለደው እንዲህ ነው። ጊታሩን አዳምጡት። ጠጠር ላይ ቆርቆሮ የሚጎተት ይመስላል። ከዚያ በኋላ የመጡ ጊታሪስቶች ያንን ድምፅ ለማግኘት ዕቃ በገንዘብ ይገዛሉ። ኪዛርት በብልሽት አገኘው።

የመጀመሪያው የሮክ ኤንድ ሮል ሸክላ እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከእሱ በፊት ሲስተር ሮዜታ ታርፕ አለች። «ስትሬንጅ ቲንግስ ሃፕኒንግ ኤቭሪ ዴይ»ን የቀዳችው በ1944 ነው። መዝሙር ነው እኮ! የቤተ ክርስቲያን ልጅ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ፣ ፒያኖው ከኋላዋ እየዘለለ፣ ስለ እግዚአብሔር ትዘምራለች። መዝሙሩ በዓመቱ ከዓለማዊ ዘፈኖቹ ጋር ተሰልፎ የጥቁሮቹ ሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛ ወጣ። ጊታሩን ስትመታው አሥር ዓመት ቆይተው የመጡትን ወንዶች ሁሉ ቀድማቸው ትሰማላችሁ። ቹክ ቤሪን እወደዋለሁ፣ ከልቤ። ግን እሷ ቀድማ ነበረች። በ1973 ስታርፍ መቃብሯ ላይ ለብዙ ዓመታት ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ አልነበረም። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያራል።

ቶርንተንም እንደዚያው ናት። «ሃውንድ ዶግ»ን ሎስ አንጀለስ የቀዳችው በ1952 ነው። በቀጣዩ ዓመት ወጣና በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ኤልቪስ ያንኑ ዘፈን የዘፈነው ገና በ1956 ነው። ኤልቪስን አልጠላም። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙና ግን ፍረዱ። የእሱ ይሮጣል። የእሷ አይቸኩልም። በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንድ የማይረባ ወንድ ከቤቷ የምታስወጣ ሴት ናት። መጨረሻው ላይ ባንዱ እንደ ውሻ ይጮኻል፣ ያላዝናል። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። ያ ሳቅ፣ ያ ጩኸት ሸክላው ላይ ቀርቷል። እኔ የምወደው ይሄንን ነው። ክፍሉ ይሰማኛል።

ኤልቪስም ቢሆን ሲጀምር እንደዚያ ነበር። ሐምሌ 1954፣ ያው የፊሊፕስ ስቱዲዮ፣ ሦስት ሰው፦ እሱ፣ ስኮቲ ሙር በጊታር፣ ቢል ብላክ በባስ። ድራም የለም። ባሱ ራሱ ነው ጠብ ጠብ እያለ ከበሮ የሚሆነው። እኔ ከኤልቪስ ሁሉ የምመርጠው ያንን ነው። ከዚያ በኋላ ሰው በዛ፣ ዕቃ በዛ።

ጋሼ እነዚህን ዘፈኖች የለመደው አስመራ ነው። ወጣት ሳለ እዚያ ይሠራ ነበር። ቃኘው ጦር ሰፈር የነበሩት አሜሪካኖች የራሳቸው ራዲዮ ነበራቸው፤ የከተማው ልጅ እንግሊዝኛው ሳይገባው ዜማውን ይለቅም ነበር ይለን ነበር። ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕቃቸውን ይሸጡ ነበር። የፋትስ ዶሚኖን «ብሉቤሪ ሂል» የገዛው ከአንዱ ነው።

ያ ሸክላ መሃሉ ላይ ጭረት አለው። መርፌው እዚያ ሲደርስ ጭክ ይልና አንድ መስመር ይዘላል። እኔና ወንድሜ ዘፈኑን የተማርነው ከነዝላዩ ነው። «ጭክ» የምትለዋን እንኳ በጣታችን ጠረጴዛውን መታ አድርገን እናስገባት ነበር። ጋሼም ሲላጭ ሲያንጎራጉር ያንን ቦታ ዘሎ ነው የሚያንጎራጉረው። ዘፈኑ ራሱ ጥፍ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በ1956 ሲቀዱት አንድም ሙሉ ቅጂ አልወጣላቸውም ነበር። ከአንዱ ግማሽ፣ ከሌላው ግማሽ ወስደው ቴፑን ቀጣጠሉት።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጠራውን ቅጂ ላከልኝ። «ስሚው፣ አንድ ጭረት የለውም» አለኝ በድምፅ መልእክት፣ ደስ ብሎት። ሰማሁት። ፒያኖው ፍንትው ብሎ ይሰማል፣ ሳክስፎኖቹ ለየብቻ ይለያሉ። ያ ቦታ ሲደርስ ጣቴ ብቻውን ጠረጴዛውን መታ። ዘፈኑ ግን አልዘለለም። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው መስመር መጣ። ዶሚኖ ያንኑ ለስላሳ ድምፁን ይዞ ረጋ ብሎ ዘፈነው። ደነገጥኩ። የማላውቀው ሰው ሳሎናችን ገብቶ የጋሼ ወንበር ላይ የተቀመጠ መሰለኝ።

እስካሁን አልመለስኩለትም። ምን ልበለው? ቆንጆ ነው፣ እውነትም ቆንጆ ነው።

ጭረቱ መቼ እንደመጣ ግን ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም። ወታደሩ ሲሸጠው ነበረ? ከአስመራ ሲመጣ መንገድ ላይ ነው? ወይስ ከእኛ ከልጆቹ አንዳችን? ጋሼ ያንን መስመር አንድ ጊዜ እንኳ ሰምቶት ይሆን?