የሰኞውን ወደ ማክሰኞ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ስሠራ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ሥራዬ ገጽ ማቀናበር ነው። የሠርግ ካርድ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የሙት ዓመት ጥሪ፣ ምን የማይመጣ አለ። ባለፈው ዓመት ግን የጥናት መጽሔት መጣ። የካቶሊክ ነገረ መለኮትና ፍልስፍና የሚጻፍበት።

አለቃዬ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየውና፣ "አቦ፣ ይሄ ሁሉ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ጽሑፉ የታለ?" አለ። አልተሳሳተም። ከላይ አራት መስመር ጽሑፍ፣ ከታች ሙሉ ገጽ ማስታወሻ የሆነበት ቦታ አለ። ቢሆንም ለሰፈራችን አዲስ ሥራ አይደለም። ካፑቺኖች የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት በ1905 እ.ኤ.አ. ሐረር ላይ "የኢትዮጵያ ዘሪ" ተብሎ ሊተረጎም የሚችል የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያትሙ ነበር። ቅዱስ አልዓዛር የተባለው ማተሚያ ቤታቸውም በኋላ እዚሁ ድሬ ሠርቷል። እነሱ ፊደል በእጅ እየለቀሙ። እኔ በማውስ ነው ጉድ የሠራሁት።

ጉዱ የተሠራው ሐረር ያሉ አንድ አባ በጻፉት ጥናት ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስለኖረው የካቶሊክ የነገረ መለኮት ሊቅ ስለ ቶማስ አኩዊናስ ነው የሚያወራው። ስሙን ከዚያ በፊት የማውቀው ለጥያቄና መልስ ውድድር ያህል ነው። ገጽ ሳቀናብር ግን አነባለሁ፣ መጥፎም ይሁን ጥሩ ልማዴ ነው። ቶማስ ከ1265 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሱማ ቴዎሎጂካ የሚባለውን ትልቅ መጽሐፉን ሲጽፍ፣ እያንዳንዱን ርዕስ የሚጀምረው በተቃዋሚው ነው። "የማይመስል ነገር ነው የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸውም ይሄ ነው" ብሎ፣ የእነሱን ነጥብ አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ከዚያ ነው የራሱን የሚለው። መጨረሻ ላይ ተመልሶ ለእያንዳንዱ መልስ ይሰጣል። የእኛ የሰኞ ጠዋት ስብሰባ እንዲህ ቢሆን ስንት ሰው ባልተኮራረፈ።

እና አንዱ ጥያቄው "የእግዚአብሔር መኖር በራሱ ግልጽ ነው ወይ?" የሚል ነው። በራሱ ግልጽ የሆነን ነገር ማንም ተቃራኒውን ሊያስብ አይችልም ይላል። ግን መዝሙረኛው "ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል" ብሎ የለ? ስለዚህ ማሰብ የሚችል አለ። ስለዚህ ለእኛ በራሱ ግልጽ አይደለም፣ ማስረዳት ያስፈልጋል። እግዚአብሔር መኖሩን የሚያስረዳባቸውን አምስት መንገዶች የሚያመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ሰነፍ ማለት ሥራ የማይወድ መስሎኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። ግዕዙ "አብድ" ነው የሚለው፣ ማስተዋል የጎደለው ማለት ነው። ያኔ ገባኝ።

እዚህ ጋ ቆሜ ብቀር ጥሩ ነበር። የግርጌ ማስታወሻው "መዝ. 52፥1" ይላል። ስልኬ ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፈትኩ። 52 ሌላ ነገር ነው፣ በክፋቱ ስለሚኩራራ ኃያል ሰው። የሰነፉን ፈለግኩት፣ 53 ላይ አገኘሁት። "ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ" የሚለውን 18 ብለውታል፤ ስልኬ 19 ይላል። "ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ" 30 ተብሏል፤ ስልኬ 31። ሰባት ስምንቱን አየሁ፣ ሁሉም በአንድ ያንሳሉ። አባ ሲቆጥሩ አንድ ዘለዋል አልኩ። ደስ አለኝ እንጂ አልተጠራጠርኩም። ሳይጠሩት አቤት ማለት ይሄ ነው። የቀሩትን ማየት ሰልችቶኝ ሁሉም ላይ አንድ አንድ ጨመርኩ። ሴቭ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ውለታ የዋልኩ መስሎኝ።

አራሚያችን ጋሼ የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ድሬ ትልቅ ትንሹን አንተ ስለምትል እኔም አንተ እላቸው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አፌ አልታዘዝ ብሎኛል። ፕሩፉን፣ ማለትም ለእርማት የወጣውን የሙከራ ቅጂ፣ ይዘው ማራገቢያው ሥር ተቀመጡ። ሙቀቱ ወረቀቱን ከጣት ጋር ያጣብቃል። አንድ ገጽ ላይ ደርሰው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

"ይሄ የሰኞ ነው። ማን ነው ወደ ማክሰኞ ያሳደረው?"

አልገባኝም። እሳቸው ዳዊት በየቀኑ ይደግማሉ። ዳዊቱ ደግሞ በቀን የተከፈለ ነው፤ ከ1 እስከ 30 የሰኞ፣ ከ31 እስከ 60 የማክሰኞ፣ እያለ ቅዳሜ ያልቃል። "ነፍሴን በእጅህ" የሰኞ መዝጊያ ናት። እኔ 31 ስላልኳት ማክሰኞ ገባች። ቁጥሩን አይደለም ያዩት፣ ቀኑን ነው የያዙት።

ስልኬን አሳየኋቸው። ሳይናደዱ አስረዱኝ። የዕብራይስጡ አቆጣጠር 9 እና 10 ብሎ የሚለያቸውን፣ ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም አንድ መዝሙር ያደርጋቸዋል። ግዕዙ ግሪኩን ተከትሏል። ቶማስ የሚያነበው የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ቩልጋታም፣ እንደዚያው። ስለዚህ ከ10 በኋላ አብዛኛው በአንድ ያንሳል። ወደ መጨረሻው ዕብራይስጡ 147 የሚለው በእነዚህ ዘንድ 146 እና 147 ሆኖ ይከፈልና፣ ከ148 እስከ 150 ሁሉም እኩል ይሆናል። ስልኬ አልተሳሳተም። አባም አልተሳሳቱም።

"8ን ምን አደረግከው?" አሉኝ።

9 አድርጌዋለሁ። 8 ደግሞ በሁሉም ዘንድ 8 ነው።

ሆዴ ቁርጥ አለ። ምክንያቱም "ሰማያት" የሚለው ጥቅስ ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ 16 ገጾች ጠዋት ታትመዋል። 300 ቅጂ። አለቃዬ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ወረቀቱ ከደመወዜ በሁለት ወር ተቆረጠ፤ እጅ ከፍንጅ ስለተያዝኩ አልተከራከርኩም። ደግነቱ አባ የላኩት ዋናው ፋይል ቴሌግራም ላይ ነበር። ማታ ጋሼ እያነበቡልኝ፣ እኔ እየመለስኩ፣ አንድ በአንድ ሄድንበት። አሁን የሚያጠራጥር ነገር ሳይ በቢጫ አቅልሜ ለጸሐፊው እልካለሁ። ግማሹ ጊዜ የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ እገኛለሁ።

በማግስቱ ለአባ ደወልኩ። ሳይነገራቸው ቢቀር ይሻል ነበር፣ ግን ፕሩፉ ቀድሞ ደርሷቸዋል። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው።

"ልጄ፣ ሌላው ይገባኛል። 151ኛውን ግን ከየት አመጣኸው? እኛ ያለን 150 ነው።"

የመጨረሻው ማስታወሻ ላይ 150 ነበር። እሱም ላይ አንድ ጨምሬበታለሁ። ምን እንደምል ጠፋኝ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ መለሱልኝ።

"አባ፣ እሷ እንኳን እኛ ዳዊት ላይ አለች። ከቁጥር ውጪ ናት፣ ግን አለች።"

አባ ሳቁ። ከዚያ የእኔን ነገር ትተው ሁለቱ ስለ 151ኛዋ ማውራት ጀመሩ። ካርዱ የእኔ ነበር። ሃያ ደቂቃ አወሩ።