ስለቴን ያዘገየሁበት ምክንያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት መስጠት የነበረብኝ በ1998 ዓ.ም.፣ ከድሬዳዋው ጎርፍ በኋላ ነው። ዘግይቻለሁ። ለምን እንደዘገየሁ ልናገር ስል ምስክርነቱ አብሮ ይወጣል፣ ምስክርነቱን ልናገር ስል መዘግየቴ ይወጣል፤ ስለዚህ ሁለቱንም እንደ አመጣጣቸው እጽፈዋለሁ።

እኛ ድሬዳዋ ያደግን ሰዎች ደቻቱን ወንዝ ብለን ብዙም አንጠራውም። አሸዋ ነው። ከተማዋን ከዚራና መጋላ አድርጎ ለሁለት ይከፍላታል፤ አብዛኛውን ዓመት ግን የውሃ ጠብታ አይታይበትም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ያልፍበታል፣ ነጋዴ ሸራ ወጥሮ ልብስ ይዘረጋበታል። እናቴ «አሸዋውን ተሻግሬ መጣሁ» ነበር የምትለው። ደቻቱን የሚሞላው ደግሞ እኛ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከደንገጎ በላይ፣ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ተራራው ተራቁቷልና ውሃውን የሚይዝለት የለም፤ ያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቁልቁል ይለቀቃል። አሮጊቶቹ ለዚህ ነው ክረምት ሲሆን ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራው የሚያዩት። «ደንገጎ ጠቁሯል» ካሉ ልጅ ከአሸዋው ይጠራል።

ቤታችን በመጋላ በኩል ነው። ከአሸዋው ዳር ቢቆጠር ሦስተኛው ግቢ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር የቤቱን መሠረት በድንጋይ አውጥቶ፣ ከላይ በጭቃ ጨርሶት ነው የሞተው። ቤት ውስጥ እኔ፣ እናቴና ታናሽ ወንድሜ ነበርን። እናቴን ጉልበቷ ይዟት ያለ ምርኩዝ ደጅ እንኳ አትወጣም። ያም ሆኖ ሐምሌ 19 ለቂርቆስና ኢየሉጣ በዓል ቁልቢ ገብርኤል በመኪና ወስደናት፣ የፈላውን ውሃ ያበረደውን መልአክ ተሳልማ፣ እምነት ይዛ ከተመለሰች ዐሥር ቀኗ ነበር።

ቅዳሜ ሐምሌ 29። ሰኞ ፍልሰታ ይገባል። እናቴ ለእሑድ ቅበላ ከቀፊራ ገበያ አንዲት ቀይ ዶሮ አስገዝታኝ ማድ ቤቱ በር ላይ አስሬያታለሁ። (ይህችን ዶሮ ያዙልኝ።) ወንድሜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አሸዋው ዳር ካለ የአንድ ነጋዴ መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሯል። እራቱን በላ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ወጣ። ሙቀት ቢኖርም ስላካፋ ግቢ ውስጥ አላነጠፍንም፤ ቤት ገብተን ተኛን።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በእንቅልፍ ልቤ «ባቡር ነው» አልኩ። እናቴ ቀድማኝ ተነሥታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። «ሠላሳ ዓመት ባቡር እየሰማሁ ተኝቻለሁ፤ ይሄ ባቡር አይደለም» አለችኝ። መብራት ጠፍቷል። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውሃ ረገጥኩ። ቀዝቃዛ አልነበረም፣ እሱ ነው የሚገርመኝ፤ ለብ ያለና እንደ ቡላ ገንፎ የወፈረ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ተቆራረጠ ፊልም ነው የሚታየኝ። በሩን ልከፍት ስገፋ ከውጭ የሚገፋው በረታብኝ። ጠረጴዛውን አልጋው ላይ ጫንኩ፣ እናቴን በምን አቅሜ እንደሆነ ሳላውቅ ጠረጴዛው ላይ አወጣሁ። ውሃው ወገቤ ደረሰ። ባትሪዬን ሳበራ ሰማያዊዋ ጀሪካናችን መሐል ቤት ላይ ቀስ ብላ ትዞራለች፣ ልክ ሰው እንደሚያዞራት። በመስኮቱ የናፍጣና የእርጥብ አፈር ሽታ ይገባል። ውጭ ፍየል ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይቀደዳል፣ ሰው ይጣራል።

ከሰው ድምፅ ሁሉ የለየሁት የአንዲት ሴት ነበር። ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ በአሸዋው በኩል ያለው ግቢ ነው። የቡና ጎረቤቴ ናት፣ ሙስሊም ናት፤ ባሏ ሾፌር ሆኖ ጅቡቲ ይመላለሳል። ጠዋት እሷ ሆጃ ታፈላለች፣ ከሰዓት እኔ ቡና፤ ስንት ዓመት እንዲህ ኖረናል። «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ትላለች። ቀጥላ የልጇን ስም። ደግሞ «ያ ረቢ»።

እኔም በዚያው ሰዓት ስለት ተሳልኩ። «ቁልቢ ገብርኤል፣ እናቴንና ወንድሜን ብቻ! የቬልቬት ጥላ ይዤልህ እመጣለሁ» አልኩ። «ብቻ» ማለቴን ልብ በሉልኝ። ግድግዳ ለግድግዳ የምትጮኸውን ሴት እየሰማሁ «ብቻ» አልኩ።

ውሃው ወገቤ ላይ ቆመ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ ወደ ጭኔ፣ ወደ ጉልበቴ ወረደ። የማድ ቤቱ ግድግዳ ፈርሷል፣ አጥሩ የለም፣ የእኛ ቤት ቆሟል። ያቆመው የአባትሽ ድንጋይ ነው የሚለኝ ሰው አለ። አልከራከርም፤ ድንጋዩንም ያስቀመጠልኝ እሱው ነው። ሥዕለ አድኅኖው ሳይረጥብ ተገኘ እያሉ የሚመሰክሩ ሰዎችን ሰምቻለሁ። የእኛ ረጥቧል። አድርቀን መልሰን ሰቀልነው፣ የጭቃው መስመር እስከ ዛሬ የመልአኩ ክንፍ ላይ አለ።

ሲነጋ የወጣሁበትን ሰፈር አላወቅሁትም። ከእኛ በታች ያሉት ሁለቱ ግቢዎች ሜዳ ሆነዋል። ጎረቤቴ የኒም ዛፏ ሥር ተቀምጣለች፤ ትንሹ ልጇ እቅፏ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ እጇ ዛፉን፣ በአንድ እጇ ልጁን ይዛ ነው ያደረችው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጇ ቀሚሷን ይዛ ነበር። ቀሚሱ ተቀደደ። ይህን የነገረችኝ ኋላ ነው፤ ያን ጠዋት ምንም አልተናገረችም፤ የተቀደደውን ጫፍ በጣቷ እያሻሸች ብቻ አየችኝ።

በዚያ ሌሊት ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው ሞቷል፣ ሬሳው ያልተገኘው ብዙ ነው፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቤት አልባ ሆኖ ድንኳንና ትምህርት ቤት ገባ። ሳምንቱን ሙሉ ወታደሩም የሰፈሩም ልጅ አሸዋ ሲቆፍር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ላይ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። ያ ክረምት እንዲህ ያለ ክረምት ነበር።

ወንድሜ የለም። መጋዘኑ የነበረበት ቦታ ላይ ድንጋይና የተጣመመ ቆርቆሮ እንጂ በር እንኳ አልቀረም። እሑድ ፈለግሁ። ሰኞ ሬሳ የተደረደረበት ሄጄ አንድ በአንድ አየሁ። ጭቃ ሰውን ሁሉ አንድ ዓይነት ያደርጋል፤ የወንድሜን እግር ነው የምፈልገው፣ ልጅ ሆኖ ብስክሌት የቆረጠው ጠባሳ አለው። ባዶ እጄን ስመለስ እናቴን አልዋሻትም ብዬ ዝም አልኩ። እሷም አልጠየቀችኝም። ወደ ቁልቢ በኩል ዞራ ትጸልያለች፣ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ጾም ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሩ ላይ አንድ ልጅ ቆመ። የሰው ሱሪ ለብሷል፣ ለእሱ አጭር ነው። እናቴ ምርኩዟን ጥላ ተነሣች። እውነቴን ነው፣ ሦስት እርምጃ ያለ ምርኩዝ ሄዳለች። ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ ሆነች፤ ጉልበቷ ተፈወሰ ብዬ አልዋሽም።

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። ወንድሜ ያን ሌሊት ሥራው ላይ አልነበረም። ነጋዴው እንደሄደለት መጋዘኑን ቆልፎ፣ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ሊቅም ሳቢያን ሰፈር ሄዷል። መርቅኖ ተጫውቶ፣ ሊነጋጋ ሲል የከተማውን ጩኸት ሰማ። ወደ አሸዋው ሮጠ፣ መጋዘኑ የለም። የሰው ንብረት አስበልቼ እታሰራለሁ ብሎ ፈርቶ ተመልሶ ተደበቀ። ሰፈራችን እንደተወሰደ የሰማው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ያኔ መታሰሩንም ረስቶ መጣ። ነጋዴው ሲያገኘው «አቦ፣ አንተ ተርፈሃል አይደል፣ ዕቃው ገደል ይግባ» ብሎ አቀፈው።

ለንስሐ አባታችን ስነግራቸው በመሐል ቆም አልኩ። «አባ፣ ቁልቢ ገብርኤል ወንድሜን በጫት አዳነው ልበል?» አልኳቸው። ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «በምን እንዳወጣው አንቺ ምን አገባሽ? ጥላውን ግዢ» አለችኝ።

ዶሮዋ ተርፋለች። ገመዷ ተበጥሶ የሽንት ቤቱ ጣራ ላይ ወጥታ ተገኘች። ወንድሜ የተመለሰው ጾም ከገባ በኋላ ነውና እናቴ እሷን እያየች ዐሥራ አምስት ቀን ቆጠረች። ነሐሴ 16 ታረደች።

ጥላውን ግን አልገዛሁም።

ገንዘብ አጥቼ አይደለም። በየዓመቱ ሐምሌና ታኅሣሥ ሰው ወደ ቁልቢ ሲተም እኔ ምክንያት አላጣም ነበር፤ እናቴ አሟታል፣ ሥራ አለብኝ፣ መንገዱ ተጨናንቋል። እውነቱ አንድ ነው። ጥላውን ይዤ በጎረቤቴ ደጅ ማለፍ አቃተኝ። ያ ሌሊት ሁለታችንም ጮኸናል። እሷ ከእኔ ይበልጥ ነው የጮኸችው። እኔ እናቴም ወንድሜም ተመለሱልኝ፤ የእሷ ልጅ ሬሳዋ እንኳ አልተገኘም። «ጸሎቴ ተሰማ» ብዬ እልል ስል «የእሷስ?» ለሚለኝ ሰው መልስ አልነበረኝም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴ ራሴን ጠየቅሁት። ቤተ ክርስቲያን ሌላው ምስክርነት ሲሰጥ አንገቴን ደፍቼ እወጣ ነበር። እናቴ በ2003 ስታርፍ የመጨረሻ ቃሏ ለወንድሜ ነበር፤ ለእኔ ከዚያ በፊት ያለችኝ ግን «ዕዳዬን አታስረዝሚብኝ» ነው።

በ2005 ኅዳር ውስጥ፣ ከሰዓት ቡና ላይ፣ ሁለተኛውን እየቀዳሁ ጎረቤቴ ድንገት እንዲህ አለች፦

«ያን ሌሊት ስለት ተስለሻል አይደል?»

ጀበናውን አስቀመጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

«ግድግዳው ጭቃ ነው። አንቺ እኔን ከሰማሽ እኔ አንቺን አልሰማም?» ስኒዋን ዞር ዞር አደረገችው። «ጥላ ነው ያልሽው። ስድስት ዓመት ጠበቅሁሽ። በኔ ልጅ ስለትሽን አትያዢ። እሷ የማንም መያዣ አይደለችም።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ሦስተኛውን ጠጥታ፣ «መቼ ነው? እኔም እሄዳለሁ» አለች።

የቁልቢን መንገድ የማያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ይሆንበታል። እኛ አገር አይደለም። ታኅሣሥ 19 እዚያ ተራራ ላይ ከሚታየው ሰው ውስጥ ስንቱ ሙስሊም ነው! ልጅ ሰጥቶኛል ብሎ ሻማ የሚይዝ፣ በሬ የሚነዳ። ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ለስለታቸው ያሠሩት ነው።

ቀዩን የቬልቬት ጥላ በፌስታል ጠቅልዬ፣ እሷ ዕቃ የያዘ ቦርሳ አንጠልጥላ ሚኒባስ ተሳፈርን። ዳገቱን ስንወጣ በመስኮቱ በኩል ናት። በየገደሉ ውሃ ያረሰው ቦይ ይታያል፣ ሁሉም ወደ ታች፣ ወደ እኛ ከተማ። ደንገጎ መገንጠያ ላይ ሐረርን በስተግራ ትተን በስተቀኝ ስንታጠፍ «ከዚህ ነው የወረደው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ቁልቢ ሰው በሰው ላይ ነው። ስለት መቀበያው ጋ ተራ ይዘን ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። ጥላውን ዘርግቼ ሰጠሁ። ጸሐፊው ስሜን መዝግቦ «ስለምን ነው?» አለኝ። የእናቴን ስም፣ የወንድሜን ስም አስጻፍኩ። በድምፅ ማጉያ ሲነገር ሰው እልል አለ፤ እኔ ድምፄ አልወጣም፤ አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ ናት እልል ያለችልኝ።

ከዚያ ከሻሿ ጫፍ የተቋጠረ ብር ፈታች። ሃምሳ ብር። ጸሐፊው ፊት አስቀመጠችው።

«ስለት ነው እናቴ? ስለምን ልበል?»

ዞራ አየችኝ፣ እንደገና እሱን። «ስለት አይደለም» አለች። «ጅብሪል እኛም ዘንድ አለ። ከእሱ ጋር ያልጨረስነው ነገር አለን። መጥታ ነበር ብለህ ጻፍልኝ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም።

ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ደንገጎ ስንደርስ ሳልቀሰቅሳት ነቃች፤ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም።