ከታች ጀምረህ አንብብልኝ

ደሴ ውስጥ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ ደጅ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር። ዓመቱን ሙሉ የምኖረው በመታወቂያ ኮፒና በማመልከቻ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላበት ሰሞን ሲመጣ ግን ሌላ ሰው እሆን ነበር። በሬ ላይ ወረፋ ይቆማል። ወላጅ ይለማመጠኛል። ልጆቹ «ጋሼ» ይሉኛል፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።

የምነግራችሁ ነገር ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ገና በየትምህርት ቤቱ በሚሰጥበት ጊዜ ነው። ተፈታኙ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን የጀመረው ጥቅምት 2015 ላይ ነው። የዚያ ፈተና ውጤት ጥር ላይ ሲነገር ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ተባለ። አገር አዘነ። እኔም አዘንኩ፣ በሌላ ምክንያት። ለምርጫ ሰሞን ብዬ ሁለት ካርቶን ወረቀት ገዝቼ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ሥራው ሥራ ነበር። ልጁ የምዝገባ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እገባለሁ። ዩኒቨርሲቲዎቹ በእንግሊዝኛ ተደርድረው ይመጣሉ፣ ቅደም ተከተል ትሰጣለህ። እስከ አምስተኛ ድረስ ልጅ ከእናቱ፣ እናት ከአጎት ይጣላሉ። ከአምስተኛ በኋላ ይቀዘቅዛሉ። ከአሥረኛ በኋላ ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚሉት፦ «የቀረውን አንተ ሙላው።» እሞላዋለሁ። እንዴት ነው የምትሞላው ያለኝ ሰው አልነበረም። ማውሱ ባረፈበት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባልደረባዬ በዚያው ሰሞን «ሚኒስቴር ውስጥ ሰው አለኝ» እያለ ከአንድ ልጅ አምስት መቶ ብር ይቀበል ነበር። የፈለጉት የደረሳቸው ልጆች ይመርቁታል። ያልደረሳቸውን «ሰውየው ፈቃድ ላይ ነው» ይላቸዋል። እኔ ሠላሳ ብር ነበር የምቀበለው። እሱ አሁን መኪና አለው። ይሄን ያነሳሁት በዚያ ሰፈር ሐቀኛው እኔ ነበርኩ ብዬ አምን እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

የመጨረሻው ቀን ማታ ነበር። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይመጣል። እናትና ልጅ ገቡ። እናትየዋ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረዋል፣ እጃቸው የአምባሻ ሽታ አለው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሻይና አምባሻ ነው የሚሸጡት፣ በዓይን አውቃቸዋለሁ። የልጅቷ ውጤት ጥሩ ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም፣ የሚያስጨፍርም አይደለም።

«አንደኛ ወሎ አድርግልኝ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ሁለተኛም ወሎ አድርግልኝ።»

«ሁለቴ አይሆንም እማማ።»

«እንግዲያ አንደኛውን አጥብቀህ አድርገው።»

ልጅቷ ዝም ብላለች። ኪቦርዱን ወደ እኔ የምታስጠጋ መስላ የሆነ ነገር ከሥሩ አስገባች። የአምስት ብር የሞባይል ካርድ ነው፣ የተፋቀ። ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል «1ኛ ሐዋሳ በናትህ» ይላል።

አየኋት። አላየችኝም። ጉልበቷ በጠረጴዛው ሥር እንደ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል።

እኔም በልጅነቴ ጎንደር መሄድ ፈልጌ አባቴ ያስቀረኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ብዙ አላሰብኩም። ሐዋሳን አንደኛ አደረግኩ። ወሎን ስድስተኛ አወረድኩ። እናትየዋ ከትከሻዬ በላይ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን ያያሉ። ማንበብ እንደማይችሉ ደግሞ አውቃለሁ፤ ፊት አንድ ጊዜ ለዕድር ፎርም መጥተው በጣታቸው ነው የፈረሙት።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ።»

«ወሎ?»

«ወሎ ነው እንጂ፣ አብሽሩ።»

ፈጠን ብዬ ነበር ያልኩት። ሰው ሲዋሽ ይፈጥናል። ከዚያ ኔትወርኩ ሳይጠፋብኝ ብዬ የቀረውን ከላይ እስከ ታች ጠቅ ጠቅ አድርጌ ሞላሁና ላክሁት። ወረቀቱን አትሜ ሰጠኋቸው። እናትየዋ ሠላሳ ብሩን ከመቀነታቸው ፈትተው ቆጠሩልኝ፣ አምስት ብር ጨመሩ። «ለሻይህ» አሉኝ። ተቀበልኩ። ያቺ አምስት ብር እስከ ዛሬ ታሳክከኛለች።

የዚያን ዕለት ማታ ፒያሳ ለጓደኞቼ አወራሁት። አንዲት ልጅ ነፃ አወጣሁ ብዬ። ጀግና ነህ ተባልኩ፣ ቡናም ተጋበዝኩ።

ምደባው ወጣ። ልጅቷ ጂንካ ደረሳት።

ሐዋሳ አይደለም። ወሎም አይደለም። ጂንካ። ስንተኛ ላይ እንደሞላኋት አላውቅም ነበር። ያየሁት ከደረሳት በኋላ ነው፦ አሥራ አራተኛ። ከአሥረኛ በታች። ማለትም፣ የእኔ ክልል።

በማግስቱ እናትየዋ ብቻቸውን መጡ። ያተምኩላቸው ወረቀት እጃቸው ላይ ነው፣ አራት ላይ ታጥፎ ጫፉ ዘይት ነክቶታል። እኔ የምናገረውን ሌሊቱን ሳጠና ነው ያደርኩት። ስለ ውጤት፣ ስለ ውድድር፣ ስለ ኮታ። ገና አፌን ስከፍት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና ጣታቸውን ከታች አካባቢ አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

«ይህቺን መንጠቆ የመሰለች ፊደል ማን መረጣት?»

አየሁ። የጂንካ የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደል ነው። እውነትም መንጠቆ ነው።

«ሲስተሙ ነው እማማ።»

«ሲስተሙ የት ተቀምጦ ነበር?»

መልስ የለኝም።

«እዚህ ወንበር ላይ ያየሁት አንተን ነው» አሉኝ።

ድምፃቸው አልጨመረም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ኮፒ ሊያስደርግ የቆመ ሰው ነበር፣ ማሽኑን አስነሳሁለት፤ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ፣ ድምፅ እንዲኖር። አንድ ገጽ ነበር ያለው። ሦስት አወጣሁለት።

ተመልሼ ስቀመጥ ጣታቸው ወደ ላይ ወጥቷል። አንደኛው መስመር ላይ።

«ይህቺ ደግሞ ወሎ አይደለችም» አሉ።

ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ወረደ።

«ወሎ እንዲህ ናት» ብለው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ጻፉ፦ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። «የጦሳን ተራራ ሁለት ጊዜ ብትገለብጠው ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ትልቅ ተጽፋ እያየኋት ነው አምባሻ የምሸጠው። አንተ ያስገባሃት መሰላል ናት። ሁለት ቋሚ፣ መሐሏ ላይ አንድ መወጣጫ።»

«ያን ዕለት ነው ያዩት?»

«ስታስገባት ነዋ ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ይሄን ስጠይቃቸው ድምፄ ውስጥ ትንሽ ቁጣ እንደነበረ አልክድም። የተያዘ ሰው ይቆጣል። እሳቸው ግን ወረቀቱን መልሰው እያጠፉ ነበር።

«እኔ ሂጂ ብላት ትፈራለች። ትቀራለች። ሰርቃኝ ከሄደች ግን ትበረታለች። መሰላሏ ማን ናት ብዬ እዚያው በር ላይ ተማሪ አስነበብኩ። ሐዋሳ ናት አሉኝ። አገሩ እንዴት ነው ስል፣ ሐይቅ አለው አሉኝ። እኛም ሐይቅ አለን ብዬ ልቤን አሳረፍኩ።» ትንሽ ቆዩና፣ «መንጠቆዋን ግን ማንም አልነገረኝም» አሉ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ ልጅቷን ከእናቷ ያስመለጥኩ መስሎኛል። ልጅቷ ሁለታችንንም ያታለለች መስሏታል። እናትየዋ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለታችንን እንደ ሕፃን አጫውተው፣ ከፍለው፣ ጉርሻ ጨምረው ነው የወጡት። እውነተኛው ጥፋት ደግሞ ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳያንሾካሽክ፣ ከአሥረኛ በታች ነው የተፈጸመው።

ጎረቤት የመከራቸው ነገር ነበር። የሕመም ማስረጃ ላለው ልጅ ምደባው ስለሚታይለት፣ አስም አለባት ብለሽ አስጽፊ ብለዋቸዋል። በዚያ ሰሞን ደሴ ከተማ አስም እንዴት እንደሚበዛ የሚያውቀው ኮፒ ቤት ብቻ ነው። እሺ ካሉ በነፃ ማመልከቻውን ልጽፍላቸው ተዘጋጀሁ።

«በጤነኛ ልጄ ላይ በሽታ አላስጽፍም» አሉ። «ወላሂ፣ ይሰማል።»

ከዚያ መንገዱን ጠየቁኝ። ካርታ ከፈትኩላቸው። አንድ ቀን አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ቀን አርባ ምንጭ፣ በሦስተኛው ጂንካ። ደቡብ ኦሞ ነው አልኳቸው። ጣቴ ስክሪኑ ላይ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ እሳቸውም አብረው ጎንበስ እያሉ ወረዱ።

«ብርዱስ?»

«ከእኛ ይሻላል።»

«ከእኛማ የማይሻል የት አለ» ብለው ወጡ። ያቺን አምስት ብር ልመልስላቸው ብዬ መሳቢያ ስከፍት ደጁን አልፈዋል።

ልጅቷ ሄደች። ከአራት ዓመት ምናምን በኋላ ለዕረፍት መጥታ የመመረቂያ ጽሑፏን እኔ ጋ አሳተመች። ጠቆር ብላለች፣ ቁመት የጨመረች ይመስላል። ስለ ጂንካ ስታወራ ሌላ ቦታ የሚኖር ሰው ያለ አይመስላትም። ሐዋሳን አነሳሁባት። «ኧረ እሱን ነገር ረስቼዋለሁ» አለችኝ። የምስጋናው ገጽ ሲታተም አንድ በአንድ አነበብኩት። እናቷ አለች። አማካሪዋ አለ። የዶርም ጓደኞቿ በሙሉ አሉ። የኔ ስም የለም። ሁለቴ ነው የፈለግኩት።

ከዚያ ወዲህ ተለውጬ እንደሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። ተለውጫለሁ፣ ወረፋ በሌለ ቀን። ልጆቹን «የታችኛውንም አስቡበት፣ የሚደርሳችሁ እሱ ሊሆን ይችላል» እላቸዋለሁ። እሺ ይላሉ። ከአሥረኛ በኋላ «አንተ ሙላው» ይላሉ። ልጅ ካንሾካሾከችኝም የምሰማው የልጅቷን ነው። ይሄን ለእናትየዋ አልነገርኳቸውም፤ ሳያውቁት ግን አይቀሩም።

አሁን አብዛኛው ልጅ በስልኩ ይሞላል፤ እኔም ወደ መታወቂያ ኮፒዬ ተመልሻለሁ። የ2017ቱ ፈተና ውጤት ሲወጣ ግን ሴትየዋ መጡ፣ የመጨረሻ ልጃቸውን እየጎተቱ። ያን ዓመት ያለፈው 8.4 በመቶ ነበር፣ እሱም ከነሱ አንዱ ነው። ልጁ ስልክ አለው። ስልኩንም መንገድ ላይ ነጥቀውት ነው የመጡት።

ወንበሩን እንደ ድሮው ትከሻዬ ሥር አስጠጉ። ኪቦርዱን አንስተው ከሥሩ አዩ። ምንም የለም። መልሰው አስቀመጡት።

ሞላን። ከአንደኛ እስከ መጨረሻው፣ አንድም በማውስ ዕድል ያለፈ የለም። ልልከው ስል እጄን ያዙኝ።

«ከታች ጀምረህ አንብብልኝ።»

ከታች ጀመርኩ። እያንዳንዱን ስም ስጠራ ፊደሉን በዓይናቸው ይፈልጉታል፣ ሲያገኙት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መሐል ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«መንጠቆዋ ናት?»

«አዎ፣ ጂንካ ናት።»

«ወደ ላይ አምጣት። ለምረቃው ሄጄ አይቻታለሁ። ሰዉ ሰው ነው።»

«ስንተኛ ላድርጋት?»

ልጁ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። እናትየዋ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ «እግርህን ሰብስብ» አሉት።