ሽፋኑ ብረቱን ሲይዘው

ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ በጣም ደስ አለኝ። ፖሊአኒሊን የቀባናቸውን ብረቶች በምላጭ መስቀለኛ ቆራርጠን፣ ፕላስተር ለጥፈን ላጥነው። በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ከተፈተገው ላይ ሽፋኑ ተልጦ መጣ። ቀድሞ ሲሌን የተባለ አጣባቂ ኬሚካል የተቀባው ግን ንቅንቅ አላለም!

ፖሊአኒሊን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር (ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ቁስ) ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ደቤሪ የተባለ ተመራማሪ የማይዝግ ብረት ላይ ሲቀባው፣ ብረቱን ከአሲድ የሚጠብቀው ስስ የኦክሳይድ ንጣፍ (ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው) ሳይፈርስ እንዲቆይ እንደሚያግዝ አሳይቷል። ትልቅ ግኝት ነው። ግን ሽፋኑ ካልተጣበቀ ምን ዋጋ አለው? ውሃና ጨው ከስር ሾልኮ ይገባል፤ ዝገቱም ሳይታይ ይስፋፋል። ሲሌን በአንድ ጫፉ ከኦክሳይዱ፣ በሌላው ከፖሊመሩ ጋር ይተሳሰራል።

ነገ ጨው ውሃ ውስጥ እንነክራቸዋለን። በደረቁ መያዙን አይተናል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሲርስ ነው።