ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጆብ ፌር ያዘጋጀንበት መንገድ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ጆብ ፌር (ቀጣሪና ሥራ ፈላጊ በአንድ ቦታ የሚገናኙበት ዝግጅት) ለማዘጋጀት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከቡድኔ ጋር የሠራሁበትን አካሄድ ከነምክንያቱ ላስቀምጥላችሁ። ድርጅት ስለበዛ ወይም ሰልፉ ስለረዘመ ጆብ ፌር ተሳካ አይባልም። ተሳካ የምለው ሰው ተቀጥሮ የሙከራ ጊዜውን ሲጨርስ ነው። ዕቅዱን ሁሉ ያወጣነው ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠርን ነው።

አካባቢው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በአንድ ወገን የኮዬ ፈጬ፣ የቱሉ ዲምቱና የቂሊንጦ ኮንዶሚኒየሞች አሉ። በሌላ ወገን የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች፣ የቦሌ ለሚና የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ገላንና ዱከም። ቀጣሪውም ሥራ ፈላጊውም እዚሁ ጎረቤት ሆነው ሳለ፣ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በደላላ ወይም በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ያዙ፦ ቱሉ ዲምቱ አዲስ አበባ ነው፣ ትንሽ አለፍ ሲሉ ያለው ገላን ግን በኦሮሚያ ሸገር ከተማ ሥር ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ለሁለቱም አስተዳደር ይሄዳል፣ ማስታወቂያውም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይወጣል። ለፖሊስ የሚገባው ደብዳቤ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሚጠበቀው ሰው ብዛት ይጻፍ።

የጀመርነው ከቀጣሪዎች ነው። ማንኛውም ድርጅት የክፍት ቦታ ቅጽ ሳይሞላ ጠረጴዛ አይያዝለትም። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፦ የሥራ መደቡ፣ የሚፈለገው ሰው ብዛት፣ መነሻ ደመወዝ በብር፣ ሰርቪስና ምሳ አለ ወይስ የለም፣ ፈረቃው፣ የሥራ ቦታው ትክክለኛ አድራሻ፣ የሚጠየቀው ትምህርትና ልምድ፣ ተያዥ (ዋስ) ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም፣ ሥራ የሚጀመርበት ቀን፣ በዕለቱ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነና የመወሰን ሥልጣን እንዳለው። ፆታ የሚጠይቅ መስመር አላስገባንም፤ ሕጉ በፆታ መለየትን ስለሚከለክል ቅጹ ራሱ በሩን መክፈት የለበትም።

ከቅጹ ሁሉ የሚያከራክረው የደመወዙ መስመር ነው። «በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ተብሎ ከመጣ ቅጹን እንመልሳለን። ከኮዬ ተነስቶ ቦሌ ለሚ የሚሠራ ሰው ሰርቪስ ከሌለው ታክሲ እየቀያየረ ነው የሚሄደው። ደመወዙን የሚሰማው ቃለ መጠይቁን ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ የታክሲውን ሒሳብ የሚሠራው ሥራ ከጀመረ በኋላ ይሆንና በሳምንቱ ይቀራል። ድርጅቱ ሠራተኛ አጣ፣ ሰውየውም ጊዜውን አጣ። ቁርጥ ያለ ቁጥር መጻፍ የከበደው ድርጅት «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ ቢጽፍ ይበቃል። ቁጥሩ ጥቅል ነው ወይስ የተጣራ የሚለውም ይለይ። ከጥቅሉ ላይ ግብርና የሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል፤ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ደግሞ ከደመወዙ ውጭ ነው። ይህን የማያውቅ አዲስ ተቀጣሪ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል።

ቅጹ ከገባ በኋላ ስልክ ይደወላል። የምጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፦ ቦታው ለምን ክፍት ሆነ? ባለፉት ወራት በዚሁ መደብ ስንት ሰው ለቀቀ? አዲስ መስመር ስለከፈተ የሚቀጥር ፋብሪካና ሠራተኛ ስለማይበረክትለት ዓመቱን ሙሉ የሚቀጥር ፋብሪካ በወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በስልክ ነው። ሁለተኛውን አንከለክለውም፣ ግን ሰው ለምን እንደሚለቅበት አውቀን ለሥራ ፈላጊው እንነግራለን። «ለወደፊቱ ሲቪ እንሰበስባለን» የሚለውን ግን አልተቀበልንም። አንድ ሰው ግማሽ ቀን ተሰልፎ ለመደርደሪያ የሚሆን ወረቀት ማስረከብ የለበትም።

የተያዥ ነገር ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ጥበቃ፣ ካሸር፣ ስቶር ኪፐርና ሾፌር ሲቀጠር ተያዥ ይጠየቃል። ቃለ መጠይቁን አልፎ እዚህ ላይ የሚወድቅ ብዙ ነው፤ በተለይ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ የሌለው ሰው። ደብዳቤው የሚጻፈው ከተያዡ መሥሪያ ቤት ነው፤ የደመወዙ መጠን፣ ቋሚ ሠራተኛ መሆኑ፣ ማኅተምና ፊርማ ይኖረዋል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈውን ብዙ ቀጣሪ ይመልሰዋል፤ ለድርጅቱ በስሙ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ተያዥ የሚጠይቁ ድርጅቶችን ሙሉ ስም ከ2 ሳምንት በፊት ለጠፍን። ከቀጣሪዎቹም ጋር ቀድመን ተነጋገርን፦ ተያዡ ዕቃ ወይም ገንዘብ ለሚይዝ ብቻ ይሁን፣ ለጽዳትና ለጉልበት ሠራተኛ ይቅር። ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ ለብቻ በስልክ ሲጠየቁ የሚስማሙ ይበዛሉ።

ስንት ሰው ይጠራ? ይህ በግምት ሳይሆን በሒሳብ የሚወሰን ነው። አንድ ጠያቂ ለአንድ ሰው 6 ደቂቃ ቢወስድ በሰዓት 10 ሰው ያያል። ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት፣ የምሳ አንድ ሰዓት ሲቀነስ፣ 5 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ 50 ሰው። 25 ድርጅት ሁለት ሁለት ጠያቂ ቢያመጣ 2,500 ቃለ መጠይቅ ይሆናል። አንድ ሥራ ፈላጊ በአማካይ 3 ጠረጴዛ ጋ ይደርሳል ብለን ስናካፍል ወደ 830 ሰው ነው። ያተምነው 800 የመግቢያ ካርድ ነው። ከዚህ በላይ በየሚዲያው «ኑ» ማለት ሰውን ፀሐይ ላይ ማቆም ነው፤ ሰልፉ ሲረዝምም ጠያቂው ይቸኩልና 6 ደቂቃው 2 ደቂቃ ይሆናል።

ካርዱ በቀለም ይለያል። አረንጓዴ ለፋብሪካና ለስፌት፣ ቢጫ ለሾፌርና ለቴክኒሻን፣ ሰማያዊ ለቢሮ ሥራ፣ ነጭ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለመስተንግዶ። በላዩ ላይ የመግቢያ ሰዓት ተጽፏል፦ 3፡00፣ 4፡30፣ 7፡00፣ 8፡00። ካርዱ የሚታደለው በወረዳ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና በየኮንዶሚኒየሙ በተመደቡ ልጆች ነው። ሳይመዘገብ የመጣ ሰው አይባረርም፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ይስተናገዳል።

ምዝገባው ላይ የምናየው ነገር ብዙ ቀጣሪ የሚያማርርበትን ችግር ቀድሞ ይፈታል። አንደኛው ስም ነው። በትምህርት ማስረጃው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍና በመታወቂያው ወይም በፋይዳው ላይ ያለው አንድ ፊደል ከተለያየ፣ ለደመወዝ የባንክ ሒሳብ ሲከፈት ጣጣ ይመጣል። ይህን ከ2 ሳምንት በፊት ያወቀ ሰው ያስተካክለዋል፤ በቅጥሩ ቀን ያወቀ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ሁለተኛው ስልክ ነው። ድርጅቱ ደውሎ ካላገኘ ወደሚቀጥለው ስም ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሁለት ቁጥር እንይዛለን፦ የራሱንና የቤተሰብ ወይም የጎረቤት። ሦስተኛው ሲቪ ነው። ለቢሮ ሥራ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ እንመክራለን። 8ኛ ክፍል ላቆመች የስፌት ሠራተኛ ግን ሲቪ አያስፈልጋትም። ለእሷ ምልክት የሚደረግበት ቅጽ አዘጋጅተናል፦ የትኛውን ማሽን ትችላለች፣ የት ስንት ጊዜ ሠራች፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወስዳለች ወይስ አልወሰደችም፣ የማታ ፈረቃ ትችላለች ወይ።

ቀኑን ስትመርጡ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላል። ክረምቱ አልፎ ግቢው ደርቋል፣ በሐምሌ የተመረቀውም ቴምፖውን (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃውን) ይዟል። ከወሩ 25 በኋላ የሰው ኃይል ክፍሎች በደመወዝ ዝግጅት ስለሚጠመዱ የወሩ አጋማሽ ይመረጣል። ኅዳር 12 ሚካኤልንና ኅዳር 21 ጽዮንን እለፉ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ቀኑን ይሰነጥቀዋል፣ ቅዳሜ ብዙ ድርጅት ግማሽ ቀን ነው። ሐሙስ ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቦታው ታክሲ ከሚያወርድበት በእግር የሚደረስ ይሁን፤ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና ዊልቸር የሚያስገባ መግቢያ ይኑረው። በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከል ቢያንስ 2 ሜትር ተኩል ይተው፤ ከዚያ ከጠበበ የአንዱ ሰልፍ የሌላውን ጠረጴዛ ይሸፍናል። መግቢያና መውጫ ለየብቻ ይሁን። ሞንታርቦ ከጠረጴዛዎቹ ራቅ ብሎ ለማስታወቂያ ብቻ ያገልግል፤ ሙዚቃ ሲከፈት ጠያቂውም ተጠያቂውም መጮህ ይጀምራሉ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ልጅ ደግሞ እንደማይችል ይቆጠራል። የክብር እንግዳ ንግግር ካለ ከ3 ሰዓት በፊት ይጠናቀቅ።

ፎቶ ኮፒ የዕለቱ ወሳኝ ዕቃ ነው። ለ800 ሰው በአማካይ 4 ገጽ ቢባል 3,200 ወረቀት ነው፤ 500 የሚይዝ ደስጣ 7 ያስፈልጋል፣ እኛ 8 ያዝን። ሁለት ማሽን፣ ትርፍ ቶነርና ጄኔሬተር ይኑር። መብራት ቢጠፋ ሰዉ ኦሪጅናሉን ለቀጣሪ ትቶ መሄድ ይጀምራል፤ ይህ ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም። የጠፋን ዲፕሎማ ማውጣት የወራት ሥራ ነው።

ለስፌት ሥራ አራት ሲንገር ማሽኖችና ቁራጭ ጨርቅ አስቀመጥን። ተፈታኟ አንድ ቀጥ ያለ፣ አንድ የታጠፈ መስመር ትሰፋለች። ጠያቂው መስመሩን ይዞ ክሩ የሚላላበትንና መታጠፊያው ላይ የሚዘልበትን ያያል። ስለ ልምድ ብዙ ከመጠያየቅ ይህ ያጥራል፣ ወረቀት የሌላትንም ችሎታዋ ይናገርላታል።

በር ላይ ደላላ መምጣቱ አይቀርም። በነጻ የሚታደለውን ቅጽ የሚሸጥ ወይም «ጠያቂውን አውቀዋለሁ» የሚል ይገኛል። ካርዱ ላይ ማኅተምና ተራ ቁጥር ይኑር፣ «ሁሉም ነገር በነጻ ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ከበሩ ብቻ ሳይሆን ከታክሲ መውረጃው ጀምሮ ይለጠፍ፣ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ልጆች ውጭ ይቁሙ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ እንኳ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም፤ ይህንን በማይክ ደጋግመን ተናግረናል።

አንድ ጠረጴዛ ለሕግ ምክር ተለይቶ ነበር። ጥያቄው ሁሌም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ በጽሑፍ መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። የመጨረሻዋን ነጥብ ለብቻዋ በትንሽ ወረቀት አትመን አደልን፤ «ገና በሙከራ ላይ ነህ» እየተባለ ወራት የሚቆይ ሰው ስላለ።

9 ሰዓት ላይ ቀጣሪው ዕቃውን ከመሰብሰቡ በፊት ያነጋገራቸውን ሰዎች ዝርዝር በሦስት ከፍሎ ያስረክባል፦ የተቀጠረ፣ ለሁለተኛ ዙር የተጠራ፣ ያልተመረጠ። ቅጂው በስልክ ፎቶ ይነሳል። በኋላ እንልካለን ያለ አብዛኛው አይልክም። በ3ኛው ቀን ለድርጅቶቹ እንደውላለን፤ በሳምንቱ ላልተመረጡት ሁሉ አጭር የስልክ መልእክት እንልካለን። አልተመረጥህም የሚለውን መልስ ማግኘት ሌላ ቦታ ለመሞከር ነጻ ያደርጋል፤ ዝም ማለት ግን ሰውን ስልኩን እያየ ያስቀምጠዋል። በ15ኛው ቀን ለተቀጠሩት የምንጠይቀው የጽሑፍ ውል ወይም ደብዳቤ መያዛቸውን ነው።

ትልቁ ክትትል በ10ኛው ሳምንት ነው። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን የሚሞላው ያኔ ነው። ለቀቀ ከተባለ ምክንያቱን ከሠራተኛውም ከድርጅቱም ለየብቻ እንጠይቃለን፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም። ድርጅቱ «ሥራ አይወድም» ሲል፣ ልጅቱ የማታ ፈረቃ ከወጣች በኋላ ሰርቪሱ አደባባይ ላይ አውርዷት እንደሚሄድና ከዚያ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ በጨለማ ብቻዋን መሄድ እንዳልቻለች ትነግረናለች። ስለዚህ በቀጣዩ የክፍት ቦታ ቅጽ ላይ «ሰርቪስ አለ ወይስ የለም» የሚለው መስመር ሰፍቷል፦ ከየት ይነሳል፣ በስንት ሰዓት፣ የማታውን ፈረቃ የት ድረስ ያደርሳል።